ባለ ሁለት ገጽ ሰርኪዩት ቦርድ በቤት ውስጥ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሱት ባለ አንድ ገጽ ቦርድ መሥራት የለመዱና አሁን መስመር ከመስመር እየተላለፈ ያስቸገራቸው ሰዎች ናቸው። መልሶቹ በዋናነት በሌዘር ፕሪንተርና በልብስ ካውያ ስለሚሠራው የቶነር ዘዴ ነው (የታተመው የቀለም ዱቄት፣ ቶነሩ፣ በሙቀት መዳቡ ላይ ይለጠፋል)፤ ብዙ ሰው እጁ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ። በባለ ሁለት ገጽ ሥራ የሚበላሸው ቦርድ አብዛኛው የሚበላሸው አሲድ (ያልተሸፈነውን መዳብ የሚበላው ፈሳሽ) ውስጥ ሳይገባ፣ ገና በስዕሉ ላይ ነው። ስለዚህ የስዕሉን ክፍል ሳይዘሉ ያንብቡት።

ግን ሁለተኛው ገጽ የግድ ያስፈልገኛል?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የሚሻገሩት መስመሮች ከአሥር ካልበለጡ በባለ አንድ ገጽ ቦርድ ላይ ከላይ በኩል ጃምፐር ሽቦ ማስገባት በጣም ይቀላል፤ ሥራውም ያው ነው። ሁለተኛው ገጽ ልፋቱን የሚክሰው ብዙ እግር ያለው ማይክሮኮንትሮለር ሲኖር፣ ወይም የስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይና የሬዲዮ ሥራ ሆኖ አንዱ ገጽ ሙሉ በሙሉ ግራውንድ (የጋራው ዜሮ መስመር) እንዲሆን ሲፈለግ ነው። ይህ ሁለተኛው ደግሞ ለጀማሪ ተስማሚ ነው፤ አንዱ ገጽ ከሞላ ጎደል ሙሉ መዳብ ስለሚሆን የሁለቱ ገጾች መገጣጠም ትንሽ ቢዛነፍም ጉዳት የለውም።

ምን ምን ላዘጋጅ?

በሁለቱም በኩል መዳብ ያለው የፋይበር ግላስ ቦርድ (ኤፍአር 4 የሚባለው)፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሜ፣ መዳቡ 35 ማይክሮን። ላሚኔተር ካለዎት 0.8 ሚሜ የሆነውን ይምረጡ፤ ተራ ላሚኔተር 1.6ቱን አያሳልፍም። ቡናማውን የካርቶን ቦርድ ይተዉት፤ ሙቀት ሲበዛበት ፓዱ (የዕቃው እግር የሚበየድበት መዳብ) ይላጣል፣ በባለ ሁለት ገጽ ሥራ ደግሞ እያንዳንዱ ፓድ ሁለቴ ይሞቃል።

ከዚያ ሌዘር ፕሪንተር (ኢንክጄት ፈጽሞ አይሆንም፤ ቀለሙ ፕላስቲክ ስላልሆነ ቀልጦ መዳብ ላይ አይጣበቅም)፣ ቀጭን የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት፣ 600 እና 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ አሴቶን፣ የልብስ ስፌት መርፌ፣ 0.8፣ 1.0 እና 1.3 ሚሜ ፑንታ፣ መልቲሜትር፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር። የተቆረጡ የሬዚስተር እግሮችን አይጣሉ፤ በኋላ ሁሉንም ይጠቀሙባቸዋል።

ስዕሉን ስሠራ ምን ልጠንቀቅ?

ከፋብሪካ በሚመጣ ቦርድ ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጡ በመዳብ የተለበጠ ስለሆነ ላይና ታች በራሳቸው ይገናኛሉ። ቤት ውስጥ በተሠራ ቦርድ ላይ ቀዳዳው ባዶ ነው። የላይኛው መስመር ከታችኛው ጋር የሚገናኘው ሽቦ አልፎበት ሁለቱም ጫፍ ሲበየድ ብቻ ነው። የስዕሉ ሕግ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዕቃውን ከተከሉ በኋላ በላይ በኩል ያለው ፓድ ለሶልደሪንግ አይረኑ ጫፍ ይደረሳል ወይ? ሬዚስተር፣ ዳዮድና ትራንዚስተር ይደረሳል። ተራ የአይሲ (የቺፕ) ሶኬት አይደረስም፤ ፕላስቲኩ ፓዱን ይከድነዋል። ቦርዱ ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥ ኤሌክትሮላይት ካፓሲተር፣ ሪሌ፣ የሽቦ ማሰሪያ ተርሚናልና የፒን ማገናኛም እንዲሁ። እነዚህ ዕቃዎች ላይ የሚደርስ መስመር በሙሉ በታችኛው ገጽ ይምጣ። በላይ የሚሄድ ከሆነ ዕቃው ጋ ከመድረሱ በፊት ከ3 እስከ 4 ሚሜ ወጣ ብሎ በቪያ (ሁለቱን ገጾች በሽቦ የሚያገናኝ ቀዳዳ) ይውረድና በታች ይግባ። የአይሲ ሶኬት ላይ በላይ መበየድ የግድ ከሆነ ክብ እግር ያለውን፣ በላይ በኩል ክፍተት የሚተወውን ዓይነት ይግዙ።

ቪያ ከአይሲም ሆነ ከሌላ ዕቃ ሆድ ሥር አይቀመጥ። የተበየደው ሽቦ ጉብ ስለሚል ዕቃው ተስተካክሎ አይቀመጥም፤ የዕቃው አካል ብረት ከሆነም ሾርት ያደርጋል (መገናኘት የሌለበትን ያገናኛል)።

ልኩን በተመለከተ፦ መስመር 0.4 ሚሜና ከዚያ በላይ፣ በመስመሮች መካከል 0.4 ሚሜ። እጅዎ ሲፈታ 0.3 ይቻላል። የቪያ ፓድ 2.0 ሚሜ፣ ቀዳዳው 0.8 ይሁን፤ በዙሪያው 0.6 ሚሜ ቀለበት ይተርፋል፣ ገጾቹ በ0.3 ሚሜ ቢዛነፉ እንኳ ግማሹ አለ ማለት ነው። ፓድ ላይ የሚቆጥቡት 0.2 ሚሜ ቦርዱን ይጥለዋል፤ ፓድን ማስፋት ግን ምንም አያስከፍልም። ባዶ ቦታውን በሁለቱም ገጽ በግራውንድ ይሙሉት፤ አሲድ ይቆጥባል፣ ሁለቱም ገጾች በተቀራራቢ ጊዜ እንዲያልቁም ይረዳል። 1 ሚሜ ስፋት ያለው የ35 ማይክሮን መስመር 2 አምፔር ያለ ችግር ይሸከማል።

መጨረሻ ላይ ቪያዎቹን ይቁጠሩ። ሠላሳ ከሆኑ ስልሳ ቦታ መበየድ ነው። አንድ ሰዓት ተጨማሪ ስዕሉ ላይ ተቀምጦ ቁጥራቸውን ወደ አሥራ ሁለት ማውረድ ያዋጣል።

የትኛው ገጽ ነው ተገልብጦ (ሚረር ሆኖ) የሚታተመው?

በቶነር ዘዴ የላይኛው ገጽ ይገለበጣል፣ የታችኛው እንዳለ ይታተማል። ኪካድን የመሰሉ ፕሮግራሞች ሁለቱንም ገጽ ከላይ እንደሚታዩ አድርገው ያሳያሉ፤ ወረቀቱ ደግሞ በፊቱ ተደፍቶ ስለሚተኮስ አንዴ ይገለብጠዋል።

ለማስታወስ ከመሞከር ይልቅ በእያንዳንዱ ገጽ መዳብ ላይ አንድ ቃል ይጻፉ፦ በላይኛው «ላይ»፣ በታችኛው «ታች»። በተጠናቀቀው ቦርድ ላይ በትክክል እንዲነበቡ አድርገው ያስቀምጧቸው። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ሁለቱም ቃላት የግድ ተገልብጠው መታየት አለባቸው። አንዱ በቀጥታ ከተነበበ ያ ወረቀት ስህተት ነው፤ ካውያው ሳይሞቅ ይወቁት።

ሁለቱ ገጾች እንዲገጥሙ እንዴት ላድርግ? ሁልጊዜ ይዛነፍብኛል።

መጀመሪያ ፕሪንተሩን ይጠይቁት። 100 ሚሜ የሆነ መስመር አንዱን አግድም ሌላውን ቁልቁል ያትሙና በብረት ማስመሪያ ይለኩ። «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ምርጫ መጥፋቱንና መጠኑ መቶ በመቶ መሆኑን ያረጋግጡ። ወረቀት በፕሪንተሩ ሙቀት ትንሽ ይኮማተራል፤ ግማሽ በመቶ ብቻ ቢሳሳት በ10 ሴሜ ላይ ግማሽ ሚሜ ነው፣ ይህ ብቻውን ቪያዎችን ወደ ፓዱ ጠርዝ ይገፋል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወረቀቱን ባዶውን አንድ ጊዜ በፕሪንተሩ አሳልፈው እርጥበቱን ያስወጡ። ሁለቱንም ገጾች ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ያትሙ፤ ስህተት ቢኖር እንኳ በሁለቱም እኩል ስለሚሆን ይገጥማሉ።

ከ8 ሴሜ ለማይበልጥ ቦርድ የፖስታው ዘዴ ይበቃል። በስዕሉ ላይ ከቦርዱ ውጭ በአራቱም ማዕዘን ቀጭን የመስቀል ምልክት ያድርጉ። ሁለቱን ወረቀቶች ቶነሩን ፊት ለፊት አድርገው ከመስኮት መስታወት ላይ በብርሃን ያጋጥሙ። መስቀሎቹ አንድ ላይ ሲሆኑ መርፌ በአንደኛው መስቀል መሃል ይውጉና በሌላኛው ወረቀት የት እንደወጣ ይዩ። በአራቱም መሃል ላይ ከወጣ በሁለት ጎን በፕላስተር ያሽጉና ቦርዱን እንደ ደብዳቤ መሃሉ ያስገቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሳሳተው ፕላስተሩን ቦርዱ ጥግ ድረስ ማምጣት ነው። ወረቀቱ የቦርዱን 1.6 ሚሜ ውፍረት መውጣት አለበት፤ ሲወጣም ይሳባል። ፕላስተሩ ከቦርዱ 5 ሚሜ ቢርቅ መሳቡ ሩብ ሚሜ ይደርሳል። 20 ሚሜ ቢርቅ ወደ 0.06 ሚሜ ይወርዳል፣ ይህ አይታወቅም። ስለዚህ ወረቀቱን ሲቆርጡ ሰፊ ጠርዝ ይተዉለት።

ለትልቅ ቦርድ ቀዳዳ መሪ ይሁን። የታችኛውን ገጽ ብቻ ይተኩሱ፣ ወረቀቱን ያንሱ፣ ከዚያ በጣም በተራራቁ ሦስት ወይም አራት ፓዶች ላይ በ0.8 ፑንታ ይብሱ። በሌላው በኩል የወጣውን የመዳብ ሹል ጠርዝ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ፤ ካልተስተካከለ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይይዘውና በዙሪያው ቶነር አይጣበቅም። አሁን የላይኛውን ወረቀት በእነዚያው ፓዶች ላይ በመርፌ በስተው፣ መርፌዎቹን በቀዳዳዎቹ አሳልፈው ቦታውን ያስይዙና ሙቀት በሚቋቋም ፕላስተር ያጣብቁ፤ መርፌዎቹን ከመተኮስዎ በፊት ያውጡ። ድሪሉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በ5 ዲግሪ ቢያዘም ቀዳዳው በሌላው ገጽ 0.14 ሚሜ ፈቀቅ ብሎ ይወጣል፤ በእጅ ሲይዙት ደግሞ 10 ዲግሪ ማዘም ቀላል ነው። የድሪል ማቆሚያ ለዚህ ሥራ ትልቅ ዋጋ አለው።

ካውያው ምን ያህል ይሙቅ? ሁለተኛውን ስተኩስ የመጀመሪያው ይበላሽብኛል።

የጥጥ ልክ ላይ ያድርጉት፣ እንፋሎት ይጥፋ፣ ውሃውም ተደፍቶ ይውጣ። ቦርዱን በ1000 ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በመጨረሻ በአሴቶን ያጽዱ፤ ከዚህ በኋላ መዳቡን በጣት አይንኩ። ውሃ ሲፈስበት እንደ ብርድ ልብስ ሁሉንም ከሸፈነ ንጹሕ ነው፤ ጠብታ ጠብታ ከሠራ ቅባት አለው።

የመጀመሪያውን 30 ሰከንድ ካውያውን ሳያንቀሳቅሱ ተጭነው ይያዙ፤ ቶነሩ ሳይይዝ ማንሸራተት መስመሩን ይጎትተዋል። ከዚያ 3 እስከ 4 ደቂቃ እያዘዋወሩ፣ ጠርዞቹን በካውያው ጫፍ። ከሥር ጣውላና የጥጥ ጨርቅ ይሁን እንጂ ብረት ወይም እብነ በረድ አይሁን፤ ሙቀቱን ይጠጡታል። የተተኮሰው ገጽ ወደ ታች ሲሆን ቶነሩ መልሶ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ በፖስታው ዘዴ የመጀመሪያው ወረቀት ሳይነሳ ሁለቱም ይተኮሱ፣ ወረቀቱ ራሱ ይጠብቀዋል። በቀዳዳው ዘዴ ከሥሩ የሚላጥ ስቲከር አንጸባራቂ መደብ ያንጥፉ፤ ቶነር አይጣበቅበትም።

ከቀዘቀዘ በኋላ ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ ይንከሩት። ወረቀቱን አይሳቡ፤ በአውራ ጣት ክብ ክብ እያደረጉ ያሹት። በመስመሮች መካከል የቀረ ነጭ የወረቀት ጭረት አሲዱን ስለሚከለክል ሾርት ይሆናል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያስለቅቁት። የተቆረጠ መስመር በፐርማነንት ማርከር ይጠገናል። ከሦስት ቦታ በላይ ከተቆረጠ በአሴቶን ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መተኮስ ይሻላል።

የትኛው አሲድ? ምን ያህል?

ፌሪክ ክሎራይድ፣ በተለይ ለጀማሪ። ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ለማየት ጊዜ ይሰጣል። 10 በ10 ሴሜ የሆነ ባለ ሁለት ገጽ ቦርድ በአጠቃላይ 6.3 ግራም ያህል መዳብ አለው። ይህን ሁሉ ለመብላት ቢጫ ጠጠር የሚመስለው ፌሪክ ክሎራይድ ቢያንስ 53 ግራም ያስፈልጋል፤ ሥራው እንዳይጓተት እጥፉን፣ 110 ግራም በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ያድርጉ። ጠጠሩን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፣ በሚሟሟበት ጊዜ ይሞቃል። ዕቃው ፕላስቲክ ወይም መስታወት ይሁን፤ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የማይዝግ ብረት ማጠቢያንም ይበሳሳል፣ በልብስና በሴራሚክ ላይ የሚተወው ቡናማ እድፍ አይለቅም።

ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቅ ውሃ ባለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው ያሙቁት። በ20 ዲግሪ ከአርባ ደቂቃ በላይ የሚወስደው ሥራ በዚህ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያልቃል። በባለ ሁለት ገጽ ቦርድ ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው፦ ትሪ ውስጥ አስተኝቶ መተው የታችኛውን ገጽ ያንቀዋል። ጠባብና ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ያቁሙት፤ የዓሣ ገንዳ አየር ፓምፕ ከሥር አረፋ ቢለቅ በጣም ጥሩ ነው። ትሪ ብቻ ካለዎት በአራት ማዕዘኑ የፕላስቲክ ቁራጭ አድርገው ከፍ ያድርጉትና በየሁለት ደቂቃው ያገላብጡ።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ይሠራል፦ 3 በመቶ የሆነ ፐርኦክሳይድ 200 ሚሊ ሊትር፣ በላዩ 30 በመቶ ገደማ የሆነ አሲድ 100 ሚሊ ሊትር፤ ሁልጊዜ አሲዱ መጨረሻ ላይ ይጨመር። ጭሱ ስለሚያፍንና በክፍሉ ያለውን ብረት ሁሉ ስለሚያዝግ ውጭ፣ ግቢ ውስጥ ይሥሩ። ድብልቁን ጠርሙስ ውስጥ ከድነው አያስቀምጡ፤ ጋዝ እየለቀቀ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ጥንካሬው በጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈ የመጸዳጃ ቤት አሲድ አይጠቀሙ። አሲድ ከበረኪና ጋር በምንም መንገድ አይገናኝ፤ ሲዋሃዱ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የተደፋውን ለማጽዳት ብሎ በረኪና ማፍሰስ አደጋ ነው።

አንዱ ገጽ ቀድሞ ቢያልቅስ?

አውጥተው ያጥቡ፣ በደንብ ያድርቁ፣ ያለቀውን ገጽ በሰፊ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሸፍነው ይመልሱት። እንዲሁ መተው የለብዎትም፤ አሲዱ ወደ ጎንም ይበላል። ከእያንዳንዱ ጠርዝ 35 ማይክሮን ቢበላ የ0.3 ሚሜ መስመር ከሩብ ሚሜ በታች ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ይቆረጣል።

ስበሳ ፓዱ ይነሳብኛል፤ ፑንታውም ይሰበራል።

ከመሪዎቹ ቀዳዳዎች በቀር መበሳት ከአሲድ በኋላ ይሁን። ስዕሉ ሲታተም የፓዱ መሃል ላይ ትንሽ ነጥብ ክፍት እንዲሆን ያድርጉ፤ የተበላው ጎድጓዳ ፑንታውን ይመራዋል። ለሬዚስተርና ለአይሲ 0.8፣ ለፒን ማገናኛና እንደ 1ኤን4007 ላሉ ዳዮዶች 1.0፣ ለሽቦ ማሰሪያ ተርሚናል 1.3 ሚሜ። ከሥር የማያስፈልግ ጣውላ አስጠግተው ይጫኑት፤ ፓዱ የሚነሳው ፑንታው በሚወጣበት በኩል ድጋፍ ሲያጣ ነው። ካርባይድ ፑንታ በእጅ በተያዘ ድሪል ይሰበራል፣ ለማቆሚያ ብቻ ነው። ተራው ፑንታ በቀላሉ አይሰበርም፣ ግን ፋይበር ግላስ ቶሎ ያደንዘዋል፤ መብሳት ትቶ መግፋት ሲጀምር ይቀይሩት። ብናኙ የመስታወት ጭረት ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

ቪያውን በምን ላገናኘው?

በተቆረጠ የሬዚስተር እግር። ውፍረቱ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሜ ስለሆነ በ0.8 ቀዳዳ በቀላሉ ያልፋል። ጫፉን 1 ሚሜ ያህል አጥፈው ከላይ ያስገቡ፣ ከታች ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ አጥፈው ይቁረጡ፤ ከጎን ሲያዩት እንደ ተንጋደደ «ዘ» ፊደል ሁለቱም በኩል ያዘ ይሆናል፣ አንዱን ሲበይዱ አይወድቅም።

ቪያዎች በተርታ ከሆኑ አንድ ረጅም እርቃን ሽቦ እንደ ስፌት ክር በአንዱ አስገብተው በሌላው ያውጡ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በሁለቱም በኩል ይበይዱ፣ ከዚያ በመካከል ያሉትን ድልድዮች በመቁረጫ ይለዩ። አሥር ቪያ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

መጀመሪያ ቪያዎቹን ብቻ ይጨርሱ፤ ቦርዱ ባዶና ጠፍጣፋ እያለ ነው የሚመቸው። እያንዳንዱን በመልቲሜትር ድምፅ ይፈትኑ፣ ግን የመልቲሜትሩን ሚስማር ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) ላይ ሳይሆን ከቪያው የሚወጣው መስመር ላይ ያሳርፉ። ሊዱ ላይ ከነኩ የሚፈትኑት ሽቦውን ነው፤ ፓዱ ጋር ያልተያያዘ ቀዝቃዛ ብየዳ አይታወቅዎትም።

እንደ ፋብሪካው ቀዳዳውን በመዳብ መለበጥ አይቻልም?

ይቻላል፦ የቀዳዳው ግድግዳ በግራፋይት ቀለም ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ይደረግና በመዳብ ሰልፌትና በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይለበጣል። በየ100 ካሬ ሴሜ 2 አምፔር ቢሰጥ 25 ማይክሮን ለመልበስ ወደ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ለጥቂት ቦርድ ግን ገንዳውን፣ አሲዱንና ሙከራውን አያዋጣም፤ ሽቦው ይበልጣል።

ቶነሩን ትቼ ፎቶሬዚስት (ስዕሉ በብርሃን የሚቀረጽበት መሸፈኛ) ልጠቀም?

መስመርዎ ከ0.3 ሚሜ በታች ከሆነ አዎ። የሚለጠፈው ደረቅ ፊልም ብርሃን ያረፈበት የሚጠነክር ስለሆነ ስዕሉ በኔጌቲቭ ይታተማል፣ መስመሩ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ። የታተመው ጎን ፊልሙን ይንካ። ማውጫው (ብርሃን ያላረፈበትን ፊልም የሚያጥበው ፈሳሽ) በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ስዕሉ በብርሃን እንጂ በካውያ ስለማይተላለፍ ለሁለት ገጽ ከቶነር ይልቅ ይመቻል፤ ለመለጠፍ ግን አቧራ የሌለበት ክፍል ይፈልጋል።

ሁሉንም ተክዬ አይሠራም። ከየት ልጀምር?

ኤሌክትሪክ ሳይሰጡ ፓወርና ግራውንድ ሾርት አለመሆናቸውን ይለኩ። ሾርት ከሆኑ ቦርዱን በጠንካራ መብራት ፊት ይያዙት፤ መዳብ ብርሃን አያሳልፍም፣ ፋይበር ግላስ ያሳልፋል፣ የቀረ ጸጉር የመሰለ ድልድይ ጎልቶ ይታያል። ሾርት ካልሆኑ በላይ በኩል መበየድ የተረሳ እግር ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ይኸው ነው። ስዕሉን አትመው የላይኛውን ገጽ የሚነካ እግር ሁሉ በቀይ ያክብቡ፣ አንድ በአንድ እያዩ ይሰርዙ።

ያገለገለውን ፈሳሽ የት ልድፋው?

ማጠቢያ ውስጥም፣ ቦይ ውስጥም፣ የአትክልት ሥርም አይደለም። የሟሟው መዳብ ለዓሣና ለውሃ ሕይወት መርዝ ነው፣ አፈሩንም ያበላሻል። ፌሪክ ክሎራይድ ብዙ ቦርድ ስለሚሠራ ያስቀምጡት። ሲደክም ሶዲየም ካርቦኔት ውሃ ውስጥ አሟሙተው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ በኃይል ስለሚኮረፍ ዕቃው ከግማሽ በላይ አይሞላ። አረፋው ሲያቆም ጭቃ የመሰለው ይዘቅጣል፣ መዳቡ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በጨርቅ አጥልለው ያድርቁትና በታሸገ ፕላስቲክ፣ በላዩ የያዘውን ጽፈው፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ያስረክቡ፤ ተቀባይ እስኪገኝ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ።

መቼ ነው ለፋብሪካ መላክ የሚሻለው?

ቪያው ከአርባ ሲበልጥ፣ የአይሲው እግር ርቀት 0.5 ሚሜ ሲሆን፣ ወይም ከአምስት በላይ ተመሳሳይ ቦርድ ሲፈልጉ። ቻይና ሼንዘን ያሉ አምራቾች አነስተኛ ብዛትም ይቀበላሉ፤ ኢትዮጵያ ሆኖ ለሚያዝ ግን የማጓጓዣው ሂሳብ ከቦርዱ ይበልጣል፣ ክፍያውም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ ጥበቃውም ሳምንታት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ናሙና ቤት ሠርቶ፣ ስህተቱን አርሞ፣ የተስተካከለውን መላክ ገንዘብም ጊዜም ያድናል።

የተሠራው ቦርድ ጠቆረብኝ።

እርቃን መዳብ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል፤ ሊድም አይዝም። ቶነሩን በአሴቶን እንዳነሱ ወዲያው በአልኮል የሟሟ ኮሎፎኒ (የጥድ ሙጫ) በሁለቱም ገጽ ይቀቡት፤ መዳቡን ይሸፍናል፣ ሲበይዱም ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ) ይሆናል። ቀድሞ የጠቆረውን በላጲስ አሽተው መቀባት ይበቃል።